ሰው በመላክ ብቻ የማይሞላ ጉድለት፦ ስለ ካናዳ ነባር ሕዝቦችና ስለ ነርስ እጥረት ለተጻፈው ምላሽ

በካናዳ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች መካከል ሰሞኑን ብዙ የተዘዋወረ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም፤ አጻጻፋቸው ግን ጉዳዩ ከልብ የሚቆረቁራቸው ሰው መሆናቸውን ያሳያል። ብዙዎች «እውነት ነው» እያሉ አጋርተውታል። በውስጡ ያሉት ስህተቶች ነገ ወደ ሰሜን ለሥራ የሚሄዱትን የራሳችንን ነርሶች የሚያሳስቱ ስለሆኑ በዝምታ መታለፍ የለባቸውም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የጽሑፉ ክርክር ባጭሩ ይህ ነው። የካናዳ ነባር ሕዝቦች፣ ማለትም ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑይትና ሜቲ፣ በሚኖሩባቸው ሩቅ ቦታዎች የጤና ባለሙያ የለም። በየከተማው ደግሞ በኢትዮጵያ፣ በናይጄሪያና በፊሊፒንስ የሠለጠኑ ነርሶች ፈቃድ እስኪያገኙ በአረጋውያን መጦሪያ በረዳትነት ይሠራሉ። እነዚህን ወደዚያ መላክ ሲቻል መንግሥት «ከማኅበረሰቡ ጋር ልመካከር» እያለ ጊዜ ይፈጃል። ኢትዮጵያ ግን ማንንም ሳታማክር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አሰማርታለች። ጸሐፊው አራት ነጥቦች ይጨምራሉ። በሕክምናና በነርስ ትምህርት ቤቶች ለነባር ተወላጆች የሚያዘው ቦታ ደረጃ ያወርዳል፤ ሀገራችንን ያመሰውም ይኸው ኮታ ነው ይላሉ። ስለ ባህል የሚሰጠው ሥልጠና ለታይታ ነው፤ ጥሩ ነርስ ሁሉንም በእኩል ዓይን ታያለች። ዕቅዱንና መረጃውን ለነባር ሕዝቦች ተቋማት ማስረከብ የሙያን ጉዳይ ፖለቲካ ማድረግ ነው። በመጨረሻም ወሊድን ከሆስፒታል ወደ መንደር መመለስ በእናቶች ሕይወት መጫወት ነው።

የሚያስማማንን ላስቀድም። እጥረቱ እውነት ነው። በውጭ ሀገር የሠለጠነች ነርስ ሰነዷ ተገምግሞ እስኪያልቅ የምታጣው ጊዜና ገንዘብ በደል ነው፤ ይህን በደል ማንሣታቸው ያስመሰግናቸዋል። ምክክር የሚባለውም አንዳንዴ ለስሙ ብቻ ይደረጋል፦ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት፣ የክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤትና ዩኒቨርሲቲው በየተራ መጥተው አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠይቀው ይሄዳሉ፣ መልስ ይዞ የሚመለስ የለም። የሚለያየን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

«ችግሩ የቁጥር ነው»

በአውሮፕላን ብቻ የሚደረስበት የፈርስት ኔሽን መንደር ውስጥ ባለ የነርስ ጣቢያ ሐኪም ዘወትር አይገኝም። በወር ለተወሰኑ ቀናት ይመጣል፤ በቀረው ጊዜ በስልክ ነው። ነርሷ ራሷ መርምራ፣ በሽታውን ለይታ፣ መድኃኒቱን ከመደርደሪያ አውጥታ ትሰጣለች። ቁስል ትሰፋለች። ሌሊት ትጠራለች። አየሩ ከፍቶ አውሮፕላን ማረፍ ካልቻለ ደረቱን የያዘውን ሰው እስኪነጋ ይዛ የምታድረው እሷ ነች። በከተማ ሆስፒታል አንድ ዋርድ ውስጥ 10 ዓመት የሠራች ነርስ ይህን ሥራ ላታውቀው ትችላለች። የካናዳ ዋና ኦዲተር በ2015 ባወጣው ሪፖርት በማኒቶባና በኦንታሪዮ ያሉትን እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች መርምሯል። በናሙና ከታዩት 45 ነርሶች ውስጥ የልብ፣ የሕፃናትና የአደጋ ድንገተኛ ሕክምናን፣ ክትባትንና ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች አያያዝ ጨምሮ 5ቱን የግዴታ ሥልጠናዎች አሟልታ የተገኘችው አንዲት ብቻ ነበረች። እነዚህ ነርሶች ቦታው ላይ ነበሩ። የሠራተኛ ሠንጠረዥ ላይ ቁጥሩ የሞላ ይመስላል፤ የጎደለው ዝግጅቱ ነበር።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሊያነሡት ይገባ የነበረ፣ ያላነሡት አንድ ጥሩ ነጥብ አለ። በኢትዮጵያ ገጠር ጤና ጣቢያ በጤና መኮንንነት ወይም በነርስነት የሠራ ሰው ብቻውን መወሰንን፣ በሌለ ዕቃ መሥራትን፣ አምቡላንስ የማይመጣበትን ሌሊት ያውቃል። በዚህ በኩል ለሰሜን ጣቢያ ከብዙ የከተማ ነርስ የተሻለ መነሻ አለው። ይህ ልምድ የሚጠቅመው ግን ሰውየው አንድ ቦታ ሲቆይ ነው። ወደ ዋናው ነገር የምንደርሰውም እዚህ ላይ ነው።

ከ2013 እስከ 2015 ድረስ በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት ሩቅ ክሊኒኮች ላይ የተሠራ ጥናት ከገቡት ነርሶችና የአቦርጂናል ጤና ሠራተኞች ግማሾቹ በ4 ወር ውስጥ ክሊኒኩን ለቀው እንደወጡ፣ ከ12 ወር በኋላ እዚያው ክሊኒክ የተገኙት ከ5 አንዱ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ካናዳም በኤጀንሲ ነርሶች (በአስቀጣሪ ድርጅት በኩል ለአጭር ጊዜ በሚላኩት) ላይ በተደገፈችባቸው ቦታዎች ያለው ችግር ከዚህ የራቀ አይደለም። ስሌቱን በቀላሉ እንየው። 4 የነርስ ቦታ ያለው ጣቢያ ሁሉንም በየ3 ሳምንቱ በሚለዋወጡ አዳዲስ ሰዎች ቢሸፍን በዓመት ወደ 70 የሚጠጉ የማይታወቁ ፊቶች ያልፉበታል። እነዚያኑ 4 ቦታዎች ሁለት ሁለት ሰው ተካፍሎ፣ አንዱ ወር ገብቶ ሌላው ወር እየወጣ ቢሠራባቸው የሰው ብዛት 8 ነው፤ 8ቱም በዓመቱ መጨረሻ እናቶችን በስማቸው ያውቃሉ። በሁለቱም አሠራር የተሞላው ቦታ 4 ነው። ቁጥር ብቻ የሚያይ ዕቅድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አያይም።

ልዩነቱ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ በሩማቲክ ፊቨር እናሳይ፤ ባክቴሪያ ያመጣው የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የሚከተልና ልብን የሚጎዳ በሽታ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በሰሜን ምዕራብ ኦንታሪዮ ያሉ ሐኪሞች በ2015 ያሳተሙት ዘገባ በ18 ወራት ውስጥ 8 ሕሙማን መመዝገባቸውን፣ ሁለት የ4 ዓመት ሕፃናት መሞታቸውን፣ የበሽታው መጠንም ከካናዳ አማካይ በ75 እጥፍ እንደሚበልጥ ገልጿል። ጉሮሮ ያመመው ልጅ ጣቢያው ሲመጣ ትናንት የደረሰችው ነርስ በደቡብ ከተማ የለመደችውን ታስባለች፦ ቫይረስ ነው፣ ያልፋል፣ ፓራሲታሞል ስጡት። በዚያ መንደር ባለፈው ዓመት ከነማን ቤት ልቡ የተነካ ልጅ እንደወጣ፣ ስንት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚተኛ የነገራት የለም። አንድ ጊዜ የታመመው ልጅ ደግሞ በየ28 ቀኑ፣ አንዳንዴም በየ21 ቀኑ፣ የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ መወጋት አለበት፤ ልቡ ከተነካ ቢያንስ ለ10 ዓመት። መርፌው ያማል፤ ልጁ ይሸሻል። 28ኛው ቀን ሲደርስ ነርሷ ተቀይራ ይሆናል፤ ልጁም ከአያቱ ጋር ወደ አደን ሄዶ ይሆናል። የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚመለስ፣ ማን ቢለምነው እጁን እንደሚሰጥ የምታውቀው የመንደሩ ተወላጅ የሆነችው የጤና ሠራተኛ ነች። በብዙ ቦታ እሷ በዝቅተኛ ደሞዝ፣ ያለ ዕድገት መሰላል፣ አንዳንዴም የበሽተኛውን ካርድ እንድታይ ሳይፈቀድላት ትሠራለች። የጤና ሠራተኛ ዕቅድ ከማኅበረሰቡ ጋር ሲሠራ መጀመሪያ የሚነሣው የእሷ ቦታ ነው። ከሩቅ ሲታቀድ መጀመሪያ የሚረሳውም ይኸው ነው።

ጸሐፊው ምክክር ሲሉ ረጅም ስብሰባ ታይቷቸዋል። በአግባቡ ሲደረግ ግን ተጨባጭ ሥራ ነው። መጀመሪያ የማኅበረሰቡ የጤና ዳይሬክተር ጋር ይደወላል፤ ማን እንደሚወስን፣ የምክር ቤቱ ውሳኔ በጽሑፍ ያስፈልግ እንደሆነ የሚነግረው እሱ ወይም እሷ ነች። ቀኑ ከነሱ ጋር ይቆረጣል። ለምሳሌ ከፈርስት ኔሽንስ አንዱ በሆነው በክሪ ሕዝብ የጄምስ ቤይ መንደሮች በፀደይ የዝይ አደን ሲመጣ ትምህርት ቤት ሳይቀር ተዘግቶ ቤተሰቡ ጫካ ይገባል፤ በዚያ ሳምንት ስብሰባ የጠራ መሥሪያ ቤት ባዶ አዳራሽ አግኝቶ «ፍላጎት የላቸውም» ብሎ ይጽፋል። ለሽማግሌዎች ጊዜ ይከፈላል፤ ገንዘቡም ገና ከጅምሩ በበጀቱ ውስጥ ይያዛል። ሥርዓቱ ከሕዝብ ሕዝብ ስለሚለያይ ይጠየቃል፦ በአንዳንድ የሜዳው ፈርስት ኔሽንስ ዘንድ ሽማግሌን ለምክር ሲጠይቁ ትምባሆ ማቅረብ ክብር ነው፤ በኢኑይት ዘንድ ይህ ሥርዓት የለም። ከዚያ ቤት ይቆጠራል። ለሠራተኛ የሚሆን 3 ቤት ያለው መንደር 6 ነርስ ቢመደብለት 3ቱ አይመጡም፤ ይህን ከኦታዋ የሚያይ የለም፣ የምክር ቤቱ የቤቶች ኃላፊ ግን በ5 ደቂቃ ይናገረዋል። በመጨረሻ የተሰማው በጽሑፍ ተመልሶ ይላካል፤ የትኛው ሐሳብ እንደገባ፣ የትኛው እንዳልገባና ለምን እንዳልገባ ተጽፎ። ይህ ሁሉ ወራት ሊወስድ ይችላል። ሳይደረግ ቀርቶ በየዓመቱ 70 ሰው ማመላለስ ግን የአውሮፕላን ወጪውና የኤጀንሲው ክፍያ ማብቂያ የለውም።

ስለ ኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን የተጠቀሰው ማስረጃ ደግሞ የሚመሰክረው በተቃራኒው ነው። ፕሮግራሙ በ2003 ሲጀመር ለእያንዳንዱ ቀበሌ 2 ሴቶች፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሚሠለጥኑ ተብሎ ነው። ዋናው መመዘኛ ግን ልጅቷ ከዚያው አካባቢ መሆኗ፣ ቋንቋውን መናገሯ ነበር፤ በምርጫውም ቀበሌው ነበረበት። የሠራውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከአዲስ አበባ 30,000 ሰው ተጭኖ አልተላከም። በደጋ የተሳካው ዕቅድ ወደ አፋርና ወደ ሶማሌ ሲወሰድ እንዳለ አልሠራም። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አልተገኙም፤ ሰዉ ከከብቱ ጋር ሲንቀሳቀስ ጤና ኬላው ቆሞ ቀረ። መመዘኛው ዝቅ እንዲል፣ ወንዶችም እንዲገቡ፣ የሥልጠናው ጊዜ እንዲያጥር፣ ተንቀሳቃሽ ቡድኖች እንዲታከሉ ተገደዱ። አስቀድሞ የአካባቢው ሰው ቢጠየቅ ይህ ከጅምሩ ይታወቅ ነበር።

«ለነባር ተወላጆች የሚያዘው ቦታ ደረጃ ያወርዳል»

ደረጃን የሚወስነው መውጫው ላይ ያለው ፈተና ነው። በካናዳ በ2015 ሥራ ላይ የዋለውን የነርሶች የፈቃድ ፈተና፣ ኤንክሌክስን፣ የወሰደ ሁሉ እንደሚያውቀው ኮምፒውተሩ የተፈታኙን ዘር አይጠይቅም። የክሪ ልጅም የጎንደር ልጅም ያንኑ ፈተና ነው የሚቀመጡት። በሕክምና ትምህርት ቤትም ያው ነው፤ የብሔራዊው የሐኪሞች ፈተና ለማንም አይቀልም። የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ለነባር ተወላጆች ይዞት የነበረውን የ5 ተማሪ ገደብ በ2019 ሲያነሣ ያለው ይህንኑ ነው፦ መመዘኛውን ያሟላ ሁሉ ይገባል፣ 6ኛው ብቁ ተማሪ ቁጥሩ ሞልቷል ተብሎ አይመለስም። ጉድለቱ ያለው ከዩኒቨርሲቲው በር በፊት ነው። በብዙ የሪዘርቭ (ለፈርስት ኔሽንስ የተከለለ መሬት) ትንንሽ ትምህርት ቤቶች የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪና ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር አይገኝም። ስለዚህ ቁም ነገር ያለው ዕቅድ ከ9ኛ ክፍል ይጀምራል፤ የመሸጋገሪያ ዓመት፣ ከመንደር ወደ ከተማ የሚመጣ ተማሪ ከነልጁ የሚያርፍበት ቤት፣ የልምምድ ጊዜውን በመንደሩ እንዲያደርግ የሚከፈል ተቆጣጣሪ ነርስ ይይዛል። ወንበር ብቻ ይዞ ይህን ያልያዘ ትምህርት ቤት ተማሪውን በመጀመሪያው ዓመት ያጣዋል። በዚህ ረገድ በወንበር ብቻ የሚመጻደቁትን ዩኒቨርሲቲዎች ጸሐፊው ቢተቹ አብሬያቸው እቆም ነበር።

ፍትሕን በተመለከተ አንድ የታሪክ ነገር መታወቅ አለበት። በ1876 የወጣው የካናዳ የኢንዲያን ሕግ አንድ ፈርስት ኔሽን ሰው በሕክምና ከተመረቀ በሕግ ፊት ኢንዲያን መሆኑ እንዲቀር ይደነግግ ነበር። ሐኪም መሆን ከሕዝቡ መዝገብ መሰረዝ ማለት ነበር። ዛሬ ነባር ሕዝቦች በ2021 ቆጠራ ከካናዳ ሕዝብ 5% ሲሆኑ ከሐኪሞች መካከል ግን 1% አይሞሉም። ይህ ክፍተት የሰነፍ ተማሪ ውጤት አይደለም።

ከኢትዮጵያ የብሔር ኮታ ጋር መመሳሰሉን ብዙ አንባቢ ስለወደደው ለብቻው መልስ ይገባዋል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ነባርና መጤ ተብሎ ሰው ሲፈናቀል ያየ ሕዝብ ነን። እዚህ ግን ጉዳዩ በመንግሥትና በሕዝቦች መካከል የተፈረመ ውል ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ኤድመንተን በ6ኛው ውል መሬት ላይ ነች። በ1876 የተፈረመው ያ ውል ለነባር ሕዝቦች ጥቅም የመድኃኒት ሣጥን በመንግሥት ወኪሉ ቤት እንዲቀመጥ በግልጽ ጽፏል። መሬቱ ተወስዷል፤ ጤናው ከዋጋው አንዱ ነው። በዚህ ውል አፈጻጸም ምክንያት ማንም ኢትዮጵያዊ ከቤቱ አይፈናቀልም፤ ሥራም አይነጠቅም።

የደረጃን ነገር ሳልዘጋ፣ ከድንበሩ ማዶ ያለችውን አላስካ ልጥቀስ። እዚያ ከ1968 ጀምሮ የመንደር ጤና ረዳቶች አሉ፦ መንደሩ ራሱ ከውስጡ የሚመርጣቸው፣ እያንዳንዱ ከ3 እስከ 4 ሳምንት በሚፈጅ 4 ዙር የሚሠለጥኑ፣ በዝርዝር መመሪያ መጽሐፍ እየተመሩ ከሐኪም ጋር በስልክ የሚሠሩ። በኋላ የጥርስ ጤና ቴራፒስቶች (የጥርስ ሐኪም ሳይሆኑ ጥርስ ለመሙላትና ለመንቀል የሚሠለጥኑ) ሲጨመሩ የመጀመሪያዎቹ በ2003 ለሥልጠና ወደ ኒውዚላንድ ተላኩ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ደረጃ ይወርዳል ብሎ በ2006 ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፤ ክሱ በ2007 በስምምነት ተዘጋ። ቴራፒስቶቹ ብዙ ቀን በሠሩባቸው መንደሮች የሚነቀለው ጥርስ አንሶ፣ የመከላከል ሕክምናው በዝቶ በጥናት ታይቷል። ከቴራፒስቶቹም ብዙዎቹ አልለቀቁም፤ ቤታቸው እዚያው ነውና።

«ጥሩ ነርስ ሁሉንም እኩል ታያለች»

በሥልጠናው ጥራት ላይ ጸሐፊው በከፊል ትክክል ናቸው። አንድ ጊዜ በኮምፒውተር ታይቶ፣ በ10 ጥያቄ ተፈትኖ፣ ሰርተፊኬት ታትሞ የሚረሳ ሥልጠና ብዙም አይለውጥም። «እኩል ማየት ይበቃል» የሚለው ግን ሁለት በይፋ የተመረመሩ ሞቶችን አይመልስም።

ነባር ተወላጁ ብራያን ሲንክሌር በመስከረም 2008 በዊኒፔግ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ 34 ሰዓት ጠብቆ ሞቶ ተገኘ። 45 ዓመቱ ነበር፤ ሁለት እግሮቹ ተቆርጠዋል፤ ከክሊኒክ ደብዳቤ ይዞ ነበር የመጣው። ሕመሙ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የሚድን የፊኛ ኢንፌክሽን ነበር። ስሙ በተረኞች ዝርዝር አልገባም፤ ሠራተኞች ሰክሮ የተኛ ወይም ከብርድ የተጠለለ መስሏቸው አለፉት። በዚያ ክፍል ያለፉት ነርሶች ብትጠይቋቸው ሁሉንም እኩል እንደሚያዩ ይነግሯችሁ ነበር። በ2020 ደግሞ የአትካመክዋ ተወላጅ የሆነችው የ7 ልጆች እናት ጆይስ ኢሻኳን በኬቤክ፣ ጆልየት ከተማ ሆስፒታል አልጋ ላይ እያለች ሲሰድቧት በስልኳ በቀጥታ አስተላልፋ በዚያው ቀን ሞተች። የሞቷን ምክንያት የመረመረችው ባለሥልጣን ዘረኝነት አስተዋጽኦ እንዳደረገ በይፋ ጽፋለች።

ከነዚህ የሚገኘው ትምህርት ተግባራዊ ነው። ተጠባባቂ ሁሉ በስም ይመዘገባል፤ በተወሰነ ሰዓት ሁሉም እንደገና ይታያል፣ ተኝቶ የተገኘም ተቀስቅሶ ይጠየቃል። ቅሬታ የሚቀበል ከነባር ሕዝቦች የተቀጠረ ሰው ይኖራል፤ ቅሬታው የሚደርሰውም ለዚያው ክፍል ኃላፊ ሳይሆን ከበላይ ላለ አካል ነው። በክሪ፣ በኦጂክሪና በኢኑክቲቱት (የኢኑይት ቋንቋ) የሚያስተረጉም ደሞዝተኛ ይመደባል እንጂ የ12 ዓመት ልጅ ለእናቱ የማሕፀን ምርመራ አያስተረጉምም። ሥልጠናው ከነዚህ ጋር ሲሆን ነው ሥራ የሚሠራው።

«ዕቅድና መረጃ የሙያ ጉዳይ ነው»

ይህ ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። በ1980ዎቹ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከኑቻኑልት ሕዝብ ለሪህ ጥናት ተብሎ ከ800 በላይ ሰዎች ደም ተወሰደ። ተመራማሪው ደሙን ይዞ ሀገር ቀየረ፤ ሰዎቹ ሳይጠየቁ ለዘር ሐረግ ምርምር ዋለ፤ የተመለሰው በ2004 ነው። ፈርስት ኔሽንስ ከ1998 ጀምሮ «መረጃው የኛ ነው፣ አያያዙን እንቆጣጠራለን» የሚል መርሕ ያወጡት እንዲህ ያለው ስለደረሰባቸው ነው። ለዕቅድም ይጠቅማል፦ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ በኤጀንሲ ሰው የተያዘን ቦታ «የተሞላ» ይለዋል፤ የመንደሩ ቆጠራ ግን «በዓመት 17 ሰው ያለፈበት» ብሎ ይጽፈዋል። ትክክለኛው መረጃ ሁለተኛው ነው። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከ200 በላይ ፈርስት ኔሽንስን የሚያገለግለው የጤና ባለሥልጣን ከ2013 ጀምሮ የፌዴራሉን የጤና ሥራ ተረክቦ ያስተዳድራል፤ የክፍለ ሀገሩ ሙያ ግን አልፈረሰም። 300 ሰው ያለው መንደር ዕቅድ አውጪ መቅጠር እንደማይችል፣ አንዳንዴም ኃላፊነቱ ያለ በጀት እንደሚጣልበት እቀበላለሁ። መድኃኒቱ በጀቱን አብሮ መስጠትና ትንንሽ መንደሮች በጋራ እንዲቀጥሩ ማድረግ ነው።

«ወሊድን ወደ መንደር መመለስ አደጋ ነው»

ጸሐፊው እዚህ ላይ በጣም የተቆጡ ይመስላሉ፤ የእናት ሞት ያየ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። ስጋቱም ከባዶ አልተነሣም፤ ደም ከፈሰሰ የቀዶ ሕክምና ክፍል በአውሮፕላን ሰዓታት ይርቃል። ነገር ግን የሚቀርበው ሐሳብ ባለሙያ የሌለበት ወሊድ አይደለም።

ለብዙ አሥርት ዓመታት የሩቅ ሰሜን እናት 36ኛው እስከ 38ኛው ሳምንት ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ብቻዋን በአውሮፕላን ወደ ደቡብ ከተማ ስትላክ ኖራለች፤ ሆቴል ወይም ማረፊያ ቤት ሳምንታት ትጠብቃለች፤ በማታውቀው ቋንቋ ትወልዳለች። ቤት የቀሩት ልጆች ይታመሙባታል። ስለዚህ አንዳንዷ እንዳይልኳት እርግዝናዋን ትደብቃለች፣ ወይም አውሮፕላኑ ሲመጣ አትገኝም፤ ትልቁ አደጋ የሚፈጠረው ያኔ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እናቶች ማቆያ ቤት አንገባም ሲሉ ጤና ጣቢያዎች ገንፎና ቡና ያስገቡት ይህንኑ ተረድተው ነው።

በኬቤክ ሰሜን፣ በኑናቪክ፣ የኢኑይት ሴቶች ጠይቀው በ1986 ፑቪርኒቱክ ላይ የአዋላጆች ማዋለጃ ተከፈተ። በኋላ ኢኑክጁዋክና ሳሉይት ተከተሉ። የኢኑይት ሴቶች እዚያው በቋንቋቸው፣ ልምድ ካላቸው አዋላጆች ጋር እየሠሩ፣ ብቃታቸው ደረጃ በደረጃ እየተመዘነ ይሠለጥናሉ። ማን የት ትውለድ የሚለውን አንዲት አዋላጅ ብቻዋን አትወስንም፤ አዋላጆች፣ ሐኪምና ነርሶች ያሉበት ኮሚቴ በየሳምንቱ ይሰበሰባል፣ የእያንዳንዷን እናት ካርድ ያያል፣ 34ኛው ሳምንት አካባቢ የወሊድ ቦታዋን ይወስናል። ቅድመ ኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት) ያለባት፣ መንታ ያረገዘች ወደ ደቡብ ትላካለች። ከ2000 እስከ 2007 በተደረገው ጥናት ከተመዘገቡት ከ1,300 በላይ ምጦች 86% የሚሆኑት እዚያው ኑናቪክ ውስጥ ሆነዋል፤ ቀዶ ሕክምና በሌለበት ቦታ ውጤቱ ደህንነቱ የተጠበቀ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የሆነው ማኅበረሰቡ የቀረውን አደጋ አውቆ፣ ተወያይቶ፣ ተቀብሎ ስለገባበት ነው። ከቢሮ ተነሥቶ በማዘዣ ቢደረግ ኖሮ በመጀመሪያው የደም መፍሰስ ይዘጋ ነበር።

ስለ ራሳችን ነርሶች

ፈቃዳችሁን አግኝታችሁ ወደ ሰሜን ለመሄድ የምታስቡ ወገኖች፣ የጸሐፊው ጽሑፍ ሂዱ ይላል፤ እኔም ሂዱ እላለሁ። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ግን ኤጀንሲውን ወይም ቀጣሪውን ጥቂት ጥያቄ ጠይቁ። በዓመት ስንት ጊዜ ወደዚያው መንደር እመለሳለሁ? በየጊዜው ሌላ ቦታ የሚልክ ከሆነ ሌላ ቀጣሪ ፈልጉ። 5ቱን ሥልጠናዎች ከመሄዴ በፊት በማን ወጪ እጨርሳለሁ? የመንደሩ የጤና ዳይሬክተር ቃለ መጠይቅ ያደርገኛል ወይስ ስሜን የሚያየው ከአውሮፕላኑ ስወርድ ነው? የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከማን ጋር እሠራለሁ፤ ከመንደሩ ጤና ሠራተኛ ጋር ቤት ለቤት እንድዞር ተከፋይ ሰዓት ተመድቧል? በየ28 ቀኑ መርፌ የሚወጉ ሕሙማን ዝርዝር አለ፣ ማንስ ይዞታል? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለው ጣቢያ ከደረሳችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት ከዚያች ተወላጅ ሠራተኛ ጎን ተቀምጣችሁ ዝርዝሩን በመሥራት ጀምሩ፤ ስማችሁ ከስሟ በታች ይጻፍ።